የአልዊን አውራ ጣት

አልዊን ደንስታል የአጥር ጎረቤቴ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነው። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል። ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ከዚህ ውስጥ አርባ ሁለቱን የኖረው በሞናሮ ደጋ ላይ ካንዱ በግ አርቢ ወደ ሌላው እየዞረ፣ የተሸለተውን ሱፍ በትልቅ መጭመቂያ እየጠቀጠቀ ጆንያ ሲሞላ ነው። የሸላቾች ስም ሁልጊዜ ይነሳል፤ ማን በቀን ስንት በግ እንደ ሸለተ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ጆንያ የሚሞላውን ግን የሚያነሳው የለም። አልዊን ይህ ቅር ብሎት አያውቅም።

"የኔ ሥራ የሚወራው ጆንያ ሲፈታ ነው" ይላል። "ካልተወራ ደህና ነኝ ማለት ነው።"

ጡረታ ሲወጣ ከትልቁ መጭመቂያ ወደ ትንሹ ተዛወረ። ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ መጋዘን ሲጣል ለምኖ ባመጣው የሱፍ መደርደሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ የምታክል የብረት መጭመቂያ በአራት ቡሎን አሰረ። በእሷ ነው ጥይት የሚሞላው። የታራዊ የተኩስ ክበብ አባላት ዐሥራ አንድ ነን፤ ከተማችን ያለው ሱቅ ጥይት መሸጥ ካቆመ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተኳሾቹ ሁሉ የተተኮሰ ቀለሃቸውንና የየራሳቸውን ባሩድ ይዘው ወደዚያች ክፍል ይመጣሉ። እኔ አልተኩስም፤ የክበቡ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ግን የፍራፍሬ ኬክ ይዤ እሄዳለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበርም የኔ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የተተኮሰው ቀለህ ይታጠባል፣ በመጭመቂያው ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከዚያ ከቀለሁ ቂጥ ምስር የምታክል መለኮሻ ትገባለች፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትጭረው እሷ ናት። ከዚያ ባሩዱ ይመዘናል፣ አረሩ ከላይ ይገጠማል። ሌላውን ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይሠራል። መለኮሻዋን ግን የሁሉንም የሚያስገባው አልዊን ብቻ ነበር። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መግጠሚያ አለችው፤ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ማንም "እኔ ልሞክር" ብሎት አያውቅም፤ እሱም ስጡኝ ብሎ አያውቅም። ቀለሁን በሳጥን ይገፉለታል፣ እሱ ሞልቶ ይመልሳል። ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ጊዜ እንዴት እንደሚያውቅ ጠይቄው ነበር።

"ስትገባ ትለሰልሳለች" አለኝ። "የቀዳዳዋን ወለል ስትነካ እንቢ ትላለች። ያቺን እንቢታ ዓይን አያያትም፤ አውራ ጣት ነው የሚሰማት። እንቢ ሳትል የተዋት እንደሆነ ተንሳፍፋ ትቀራለች። መርፌው ሲመታት ግማሹ ጉልበት እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል። ያን ጊዜ ትከሽፋለች።"

ሚስቱ ኮራል ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅ የላቸውም። በቀረው የሳምንቱ ቀን ከአልዊን ቤት የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነው። ሐሙስ ግን አምስት ስድስት መኪና በሩ ላይ ይቆማል።

ነገሩ የጀመረው የእኛ የብርድ ወር ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ ስላደረ የተኩስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሣሩን ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ካንጋሮዎቹ ከዒላማው ፊት እስኪለቁ ጥቂት ጠበቅን፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኳሾቹ በየምንጣፋቸው ላይ በሆዳቸው ተኙ። እኔ ከኋላ በበርጩማዬ ላይ፣ በጉልበቴ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ መዝገቤ።

ዝላትኮ ማሪች ቃታውን ሳበ። ጠቅ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

"አፈሙዝህ ከዒላማው እንዳይነሳ!" አለች ሮዌና። "ሁላችሁም ባላችሁበት!"

ሮዌና ቴት የክበቡ አለቃ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከባሕር ዳርቻ መጥታ እዚህ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግን ድምፅዋን ሰምቶ ላምም ሰውም ጸጥ ይላል። አንዳንዴ የከሸፈች የምትመስል ጥይት ዘግይታ ልትተኮስ ስለምትችል አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ጠበቅን።

"ተኝታለች" አለ ዝላትኮ፣ ጉንጩ ከሰደፉ ሳይላቀቅ። "በዚህ ብርድ እኔም ብሆን አልነሳም።"

"ዝም ብለህ ቁጠር፣ ዝላትኮ።"

"በየትኛው ቋንቋ?"

ዝላትኮ በወጣትነቱ ለኃይል ማመንጫ የተራሮቹን የውሃ ዋሻ ሊቆፍር ከክሮኤሽያ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። የበር ያህል ሰውነት አለው፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ደቂቃው ሲያልቅ ያችኑ ጥይት እንደገና አቀባበላት፤ ሁለተኛ ሲመታት ተተኮሰች። በዚያ ጠዋት ከሦስት ሰዎች ጠመንጃ አራት ጥይት ከሸፈ። ሦስቱ በሁለተኛው ምት ተነሱ፤ አንዷ ጨርሶ እንቢ አለች። በመዝገቤ ላይ ለእያንዳንዷ ትንሽ መስቀል አደረግሁ።

አልዊን የከሸፈችውን ጥይት በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ሐሙስ ስሄድ ጥይቷ ተፈታ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አረሩ ለብቻ፣ ባሩዱ በነጭ ወረቀት ላይ።

"እርጥበት መስሎኝ ነበር" አለ። ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርገው ባሩዱ እንደ ስኳር ተንሸራተተ። "እይው፣ ደረቅ ነው።" ቀጥሎ በማጉያ መነጽር መለኮሻዋን አሳየኝ። መርፌው የመታት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፤ ግን ጥልቅ አይደለም። በጎን በደንብ የተተኮሰች ቀለህ አስቀምጦ ነበር፤ የእሷ ጉድጓድ የዚህችን እጥፍ ነው።

"ምን ማለት ነው?"

"ምቱ አልደረሳትም ማለት ነው። ወይ ደግሞ መለኮሻዎቹ ከርመው ደንድነዋል።"

በሁለተኛው እሑድ አምስት ከሸፉ። አልዊን የድሮውን የመለኮሻ ሳጥን ወደ ጎን አደረገና አዲስ ከፈተ። በአዲሱ የተሞሉትን ለመለየት በየቀለሁ ላይ በሰማያዊ ቀለም ነጥብ አደረገ።

በሦስተኛው እሑድ አንዲትም አልከሸፈችም። ዝላትኮ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ኩባያውን ከፍ አደረገ።

"ለአዲሷ ሳጥን ጤና! አልዊን፣ ያቺን አሮጊት ሳጥን የት ነበር ያገኘሃት? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት?"

የአልዊን ትከሻ ተነቀነቀ። ያን ቀን ከሻዩ ጋር ካመጣሁት ኬክ ሁለቴ ነበር የበላው።

በአራተኛው እሑድ ስድስት ከሸፉ። ስድስቱም ሰማያዊ ነጥብ ያለባቸው ነበሩ። ዝላትኮ እንኳ አልቀለደም። አንድ ሰው ስድስተኛዋ ስትከሽፍ ወደ አልዊን ሳይሆን ወደ አልዊን እጅ ተመለከተ፤ አልዊንም ያንን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ።

ረቡዕ ጠዋት ከዶሮዎቼ ሥር እንቁላል እያነሳሁ ሳለ አልዊን አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ።

"ኔስታ።"

"ምነው በማለዳ?"

"አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ሸሚዜን ስቆልፍ ቁልፉ በእጄ መኖሩን የማውቀው አይቼው ነው። ጣቴ አይነግረኝም።"

እንቁላሎቹን በቅርጫቱ አስቀመጥኩ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ ወዲህ። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ። ጧት ጧት ይብሳል።"

"ለሐኪም ነግረሃል?"

"ላንቺ ነገርኩሽ።"

ዶሮዎቹ በመካከላችን ይጭሩ ነበር። እሱ ወደ ዶሮዎቹ እያየ ቀጠለ።

"አስቤዋለሁ። ባሩዱ ደረቅ ነው። መለኮሻዎቹ አዲስ ናቸው። የቀለሁን ልክ ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ልክ ነው። በሁለተኛው ምት ይነሳሉ፤ እሱ ደግሞ ተንሳፍፋ የቀረች መለኮሻ ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ምት ይገፋታል፣ ሁለተኛው ያነሳታል። ሌላ የቀረ የለም። እንቢ ሳትል እየተውኳቸው ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ፊቱን ከጠመንጃው ላይ አድርጎ በኔ ጣት አምኖ ይተኩሳል፣ ኔስታ። እርግጠኛ እስክሆን መጠበቅ የለብኝም። እሑድ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ መጭመቂያዋን እፈታና ከወንዙ ማዶ ላለው ክበብ እሰጣታለሁ። ክፍሏንም እዘጋታለሁ።"

ከቅርጫቱ ስድስት እንቁላል ሰጠሁት። ብዙ ነው ብሎ ሁለቱን መለሰልኝ። በነጋታው ሐሙስ ለተኳሾቹ ሁሉ ደውሎ ጉንፋን ይዞኛል አለ። በሩ ላይ አንድም መኪና አልቆመም። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገቤን ከማድቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። እኔ በመዝገብ ላይ ከነጥቡ ሌላ የማይጠየቀውንም እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ውርጭ መኖር አለመኖሩን፣ ማን ዘግይቶ እንደ መጣ፣ ካንጋሮ ስንት ጊዜ እንዳስቆመን። የሞተው ባሌ "አንቺ የዝንቡንም ስም ትጽፊያለሽ" ይለኝ ነበር።

መስቀሎቹን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አምስት ናቸው። በጣቴ አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። ዐሥራ አምስቱም ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ናቸው። ሻይ ጠጥተን ከተመለስን በኋላ፣ ፀሐይዋ ሜዳውን ካሞቀች በኋላ፣ አንድም የለም። አንዲትም ያልከሸፈችበትን ሦስተኛውን እሑድ አየሁ። በራሴ ጽሕፈት "ደመና፣ ውርጭ የለም" ይላል። ለካስ ያን ቀን የረዳን አዲሷ ሳጥን አልነበረችም።

ሌላም አየሁ። በሮዌና ስም ፊት አንድም መስቀል የለም። እሷም እንደ ሌሎቹ ቀለህዋን ለአልዊን ነው የምትሰጠው። አራቱንም እሑድ በማለዳ ተኩሳለች።

ስለ ጠመንጃ የማውቀው ከሩቅ ያየሁትን ነው። ጣት ግን ሰዓት አያውቅም፤ የሰውንም ስም አይለይም። ይህን ያህል አውቃለሁ።

እሑድ ውርጩ ከአራቱም የከፋ ነበር። ከተኩሱ በፊት በክበቡ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን፤ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታያል። አልዊን ቆቡን አውልቆ ቆመ። በጉባኤ ቆሞ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

"ስለ ጥይቶቹ ነው" አለ። "ጥፋቱን አግኝቼዋለሁ።"

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ከልጅነቴም አልቻልኩም። መዝገቡን ከፍቼ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሮዌና ገፋሁላትና ጣቴን በሰዓቱ ረድፍ ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ ወደ "ውርጭ"፣ ከዚያ ወደ ስሟ።

"አንድ ጊዜ፣ አልዊን" አለች ሮዌና። አነበበች። ገጹን ገለጠች፣ መለሰች። "ኔስታ፣ ይሄ ሁሉ ከአራት ሰዓት በፊት ነው?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ደመና በነበረበት ቀን የለም። ፀሐይ ከወጣም በኋላ የለም። የኔም አንድም የለም።" ቀና አለች። "ጥይቱ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ነው። እናንተ በጠመንጃችሁ ላይ የምታደርጉት፣ እኔ የማላደርገው ምንድነው?"

"ጠዋት ጠዋት አንሰድባቸውም" አለ ዝላትኮ። "አንቺ ትሰድቢዋለሽ፣ ስለዚህ ይፈራል።"

"ዝላትኮ!"

"እሺ፣ እሺ። ምን እናደርጋለን? እናጸዳለን። ቅባት እንቀባለን።"

"ምን ቅባት?"

ሁሉም ወደ አልዊን ዞሩ። በሞናሮ የሱፍ መጋዘን ውስጥ የኖረ ሰው ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ከበግ ጠጉር የሚወጣው ቅባት ነው፤ ለተሰነጠቀ እጅ፣ ለጫማ፣ ለበር ማጠፊያ፣ ለብረት። ዝገት አያስደርስም። አልዊን በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ ራሱ አንጥሮ በትንንሽ ቆርቆሮ ለየአንዳንዳቸው ያድላል። ሁልጊዜ የሚቀቡት ከውጭ ነበር፤ አፈሙዙንና የብረቱን ገላ። ዘንድሮ ግን አምና የዝላትኮ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ከውስጥ ስለዛገ፣ አልዊን "ከውስጥም ሙሉት፣ መርፌው ያለበትንም ሳይቀር" ብሏቸው ነበር።

"ለኔም ሰጥተኸኝ ነበር" አለች ሮዌና። "ላሞች ጡታቸው ሲሰነጠቅ እቀባበታለሁ። ጥሩ ነው። ጠመንጃዬን ግን አልቀባሁበትም።"

አንድ ሰው ሳቀ። አልዊን አልሳቀም። ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆመ፤ ዓይኖቹ ግን ተለወጡ፤ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ሆኑ።

"ዝላትኮ፣ መቀርቀሪያህን አምጣ" አለ።

ባዶ መሆኑን አይተው መቀርቀሪያውን ከጠመንጃው መዘዙት፤ አልዊን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ከውስጡ የወጣው መርፌና ጥምዝምዝ ሽቦ በቢጫ ነገር ተሸፍኖ ነበር፤ ብርድ ቤት ያደረ ቅቤ ይመስላል። ሮዌና ሽቦውን በጣቷ ተጭና ለቀቀችው። ወዲያው መፈናጠር ሲገባው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"እኔ ከአልጋ ስነሳ ይህንኑ ነው የምመስለው" አለ ዝላትኮ።

"መርፌው በዚህ ውስጥ እየዋኘ ነው መለኮሻዋ ጋ የሚደርሰው" አለ አልዊን። ለራሱ ነበር የሚናገረው። "ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ሁለተኛ ሲመታ መንገዱን ጠርጎታል። ፀሐይ ሲሞቀው ደግሞ ይቀልጣል።" ቀና አለ። "ላምባ አለ?"

ላምባ ነበር። የዝላትኮን መቀርቀሪያ በላምባ አጥበው አደረቁት። ሌላውም ሰው የራሱን ሊፈታ ሲል አልዊን ከለከለ።

"አንድ እንዳለ ይቅር" አለ። "የኔ ይቅር። ካልቀረ በምን እናውቃለን?"

ዝላትኮና አልዊን ጎን ለጎን በምንጣፍ ላይ ተኙ። የሁለቱም ጥይት ከአንድ ሳጥን ነው፤ ሰማያዊ ነጥብ ያለባቸው። ሮዌና ከኋላቸው ቆመች። ዝላትኮ ሃያ ተኮሰ፤ ሃያውም ተነሱ። የአልዊን ሁለተኛዋ ጥይት ጠቅ ብላ ቀረች። አንድ ደቂቃ ጠበቅን። እንደገና ሲመታት ተተኮሰች። አምስተኛዋም ከሸፈች። ዘጠነኛዋም። ከዚያ መቀርቀሪያውን መዞ በላምባ አጠበው፤ የቀሩትን ዐሥራ አንዱን ያለ ምንም ችግር ተኮሰ።

"አንተ ሽማግሌ!" ዝላትኮ ከምንጣፉ ሳይነሳ ጮኸ። "ጠመንጃዎቻችንን ቅቤ አብልተህ አብልተህ አወፍረሃቸው፣ እኛ ደግሞ ጥይቱን ስናማ ከረምን!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትከሻውን መቱት። አንዱ "እኛማ ጣትህ መስሎን ነበር" አለና ወዲያው አፈረ። ሁሉም ላምባውን ከበው ይፈቱ፣ ያጥቡ ጀመር። አልዊን ከእነሱ ጋር ቆሞ ፈገግ ይል ነበር። ትከሻው ግን አልተነቀነቀም። ያን ቀን በእሱና በኔ መካከል ያለችውን የጣቱን ነገር ሌላ ማንም አያውቃትም። ዝም ቢል ሐሙስ መኪኖቹ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ ቀለሁን በሳጥን ይገፉለታል። እኔም ብሆን አልናገርበትም ነበር። ይህን ሳስብ በራሴ አፈርኩ፤ ግን እውነት ነው።

አልዊን ቆቡን አደረገ።

"ሮዌና" አለ። "ሐሙስ አንድ የብረት መስመሪያ ይዘሽ ነይልኝ።"

ሐሙስ ሁሉም መጡ። አልዊን ሃያ ባዶ ቀለህ በጨርቅ ላይ ደርድሯል። ሰላምታም ሳያበዛ ተቀመጠና መግጠሚያውን ይዞ ሃያ መለኮሻ አንድ በአንድ አስገባ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳይቸኩል።

"ለኪያቸው" አላት።

ሮዌና መስመሪያዋን በየቀለሁ ቂጥ ላይ እያጋደመች ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ ተመለከተች። ደህናዎቹን በግራ፣ ሌሎቹን በቀኝ አደረገች። ሲያልቅ በቀኝ አራት ነበሩ። በአራቱ ላይ መለኮሻዋ ብቅ ስላለች መስመሪያው ይወዛወዛል።

"ከሃያ ዐሥራ ስድስት!" አለ ዝላትኮ። "እኔ በሃያ ዓመቴም ይህን አላገኘሁም።"

"አራቱ ያንተ ጠመንጃ ውስጥ ቢገቡስ?"

ዝላትኮ ከአራቱ አንዷን አንስቶ አያትና መልሶ አስቀመጣት።

"ሰኔን ሙሉ የከሸፉት በጣቴ አይደለም" አለ አልዊን። "በምክሬ ነው። ጣቴ ግን ይኸው። ከፋሲካ ወዲህ ደንዝዟል። እስካሁን ሰው አልጎዳም፤ ወይ አጋጣሚ ነው፣ ወይ የመርፌው ድካም የኔን ሸፍኖልኝ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ መለኮሻ አላስገባም።"

ሮዌና እጁን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የእርሳስ ጫፍ በአውራ ጣቱ ላይ አስነካች።

"ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም።"

"እዚህስ? ትንሿ ጣት ላይ?"

"እሱ ይሰማኛል።"

"እኔ የላም ሐኪም ነኝ" አለች። "ነገር ግን ይሄ የታነቀ ነርቭ ይመስላል፤ ከእጅ አንጓህ ላይ። በመጭመቂያ ሥራ የኖሩ ሰዎችን ያገኛቸዋል። የሰው ሐኪም ይየው። ሰኞ እኔ በመኪናዬ እወስድሃለሁ፤ አይሆንም ካልክ እንደ ኮርማ አስሬ እወስድሃለሁ።" እጁን ለቀቀችው። "እና መጭመቂያዋን ልትፈታት ነው?"

አልዊን አየኝ። ወሬውን ከኔ እንደ ሰማች ገባው፤ ጣቱን ሳላነሳ የመጭመቂያዋን ነገር ብቻ እሑድ ማታ በስልክ ነግሬያት ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

"ሐሳቤ እሱ ነበር" አለ።

"መግጠሚያዋን ስጠኝ" አለ ዝላትኮ።

"አንተን?"

"እኔን። ዲናሚት በእጄ ይዤ ተራራ ስበረብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምስር አያቅተኝም።"

አቃተው። የመጀመሪያዋን መለኮሻ ገልብጦ አስገባት። ሁለተኛዋ ከጣቱ አምልጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ፈለግናት፤ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሦስተኛዋን አስገብቶ በኩራት አቀረበ። አልዊን መስመሪያውን ከሮዌና ተቀብሎ በቂጧ ላይ አጋደመው፤ በዓይኑ አየ፤ ቀለሁን ወደ ቀኝ ገፋው።

"ተንሳፍፋለች።"

"ምን ትንሳፈፋለች! ድንጋይ ናት!"

"መስመሪያው ይወዛወዛል። ድገማት።"

"ጉምሩክ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም!"

አራተኛዋ በግራ በኩል ተቀመጠች። ዝላትኮ ዙሪያውን ተመለከተ፤ የሸላቾችን ዋንጫ የተሸለመ ይመስል ነበር። ከዚያ ሮዌና ተቀመጠች፤ ከሮዌና በኋላ ሌሎቹ በተራ። እያንዳንዱ የራሱን አስገባ፤ አልዊን በጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ እያንዳንዷን ለካ። ዓይኑ ደህና ነው፤ ዓይኑን ማንም አላማውም። ሲፈልግ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ "ትከሻህን ተወው፣ በጣትህ ብቻ"፣ "አትገፍትሪያት፣ አድምጫት"። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ በዚያች ክፍል ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እሱ ብቻውን በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን እነሱ በአምስት ሰዓት አልጨረሱትም። ኬኩ አለቀ፤ ቤቴ ሄጄ ዳቦና ጃም አመጣሁ። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ገና ግማሹ ቀለህ በሳጥኑ ነበር። የሮዌና ብቻ አልቋል። ዝላትኮ ጣቱን እየጠባ፣ "ነገ እጄን ለሐኪም የማሳየው እኔ ነኝ" ይላል።

አልዊን የተለኩትን በየሳጥናቸው ከተተ፤ በየሳጥኑ ላይ የየሰውን ስም በእርሳስ ጻፈ። እርሳሱን በመካከለኛ ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል ነበር የያዘው። ከዚያ ሁሉም ኮታቸውን ሲለብሱ በሩ ላይ ቆመ።

"በዚህ አካሄዳችሁ" አለ፣ "ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ምሳችሁን በልታችሁ አትምጡ። ይዛችሁ ኑ።"